ሻንጣ ያስገደፈ ቅቤ፦ ለአንድ የጋዜጣ ቅሬታ የሰጠነው የሽሙጥ መልስ (የጉዳይ ጥናት)

ለምን ልጽፈው ተነሳሁ

ቤት ስንቀይር ከአንድ የድሮ ፋይል ውስጥ የተቆረጠ የጋዜጣ ገጽ ወደቀ። ዳር ዳሩ ቢጫ ሆኗል፣ ጽሁፉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የተከበቡ ቃላት አሉበት። ሚስቴ አንስታ አየችውና "ይሄ ያ የቅቤው ነገር አይደለም እንዴ?" ብላ ሳቀች። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

ነገሩ የሆነው በ2005 ዓ.ም ነው። ድርጅቱንም ጋዜጣውንም ሰዎቹንም በስም አልጠራም፣ ጥፋቱ ደግሞ በዋናነት የኔ ስለሆነ ስም መጥራቱ ምንም አይጨምርም። አሁን እንድጽፈው ያደረገኝ ግን ሌላ ነው፣ በቅርቡ አንድ ድርጅት ቅሬታ ላቀረበ ደንበኛ እየተሳለቀ የሰጠውን መልስ ሰው ሁሉ "መልስ የሰጠው ልጅ ይመቸው" እያለ ሼር ሲያደርገው አየሁና ያ ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ምን እንደሚጠብቀው ትንሽ ስለማውቅ አሳዘነኝ።

ዳራው

ያኔ አንድ አገር አቋራጭ የአውቶብስ ድርጅት ውስጥ የህዝብ ግንኙነት ባለሙያ ነበርኩ። ክፍሉ ሲባል እኔና አንዲት ጸሐፊ ነን፣ በቃ። ስራዬ ማስታወቂያ ማስወጣት፣ ለበዓል የእንኳን አደረሳችሁ መልዕክት ማዘጋጀትና ጋዜጣ ላይ ስማችን ሲነሳ መልስ መስጠት ነው።

ጋዜጣው ቅዳሜ ቅዳሜ የሚወጣ ሳምንታዊ ነበር፣ ውስጡ የአንባቢ ቅሬታ የሚያወጣበት ግማሽ ገጽ አለው። አሰራሩ ቀላል ነው፤ ቅሬታው ይወጣል፣ የተነካው መስሪያ ቤት ማህተም አድርጎ ደብዳቤ ይልካል፣ በሚቀጥለው ሳምንት እዛው አምድ ላይ "ምላሽ" ተብሎ ይታተማል። በጊዜው ይሰራ የነበረው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 590/2000 ስሙ የተነሳ ሰው መልስ የመስጠት መብት እንዳለው ስለሚደነግግ የላክነውን ብዙም አይቆርጡትም። ይሄን እንደ ጥበቃ ነበር የማየው፣ ማንም ሳይቆርጥልህ የጻፍከው ጉድ ሁሉ እንዳለ ሊወጣ እንደሚችል ግን አላሰብኩም።

የመስሪያ ቤቶች መልስ ያኔ (አሁንም) ሁሉም አንድ አይነት ነው። "የቀረበው ቅሬታ ከእውነት የራቀ መሆኑን እየገለጽን..." ብሎ ይጀምራል፣ ከዛ በኋላ የሚያነበው የለም። እኔ ደግሞ መጻፍ እችላለሁ ባይ ነበርኩ፣ ግቢ እያለን ግጥም ምናምን ሞካክሬያለሁ፣ ጓደኞቼም "አንተ እኮ አሽሙር ላይ ማንም አያክልህም" ይሉኛል፣ እና አንድ ቀን የማሳይበት እድል እየጠበቅኩ ነበር ብል ውሸት አይሆንም።

ደብዳቤው

ቅሬታው ሚያዝያ 12 ወጣ። ጸሐፊው ደብረ ማርቆስ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። መጋቢት መጨረሻ ላይ አዲስ አበባ ልጃቸው ጋ ሲመጡ ለፋሲካ የሚሆን 5 ኪሎ ቅቤ ይዘው ነበር። ቅቤው በኮባ ተጠቅልሎ ክዳን ባለው ነጭ የቀለም ባልዲ ውስጥ ነው ያለው። ረዳቱ ባልዲውን ተቀብሎ ከታች የዕቃ ቦታ፣ ሞተሩ ጎን ከተተው።

መንገዱን የሚያውቅ ሰው ቀሪውን ይገምታል። ከደጀን እስከ ጎሃ ጽዮን ያለው አባይ በረሃ ወደ 40 ኪሎሜትር ነው፣ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርደህ እንደገና ትወጣለህ፣ ያውም በዛ ሰሞን ሙቀት፣ ያውም ሞተር አጠገብ። ክዳኑ ተነሳ፣ ቅቤው ፈሰሰ፣ የሌሎች ተሳፋሪዎች ሻንጣም ላይ ደረሰ።

ደብዳቤው አራት አንቀጽ ነበር። የመጀመሪያው ለዝግጅት ክፍሉ ሰላምታ ነው። ሁለተኛው ቅቤው ከየት እንደተገዛና እንዴት እንደታሸገ ይተርካል። ሶስተኛው ጉዞው ነው፣ እዚህ ጋ ሰውየው ትንሽ ስሜታዊ ሆኑና "ቅቤዬ አባይን ሳይሻገር ነፍሱ ወጣች" ብለው ጻፉ። አራተኛው አንቀጽ አጭር ነው። ለትርፍ ጭነት ብሎ ረዳቱ 30 ብር እንደተቀበላቸው፣ ደረሰኝ ሲጠይቁት "ጋሼ፣ ደረሰኝ ቅቤውን አያቀዘቅዘውም" እንዳላቸው፣ ቢሮአችን ሄደው ለሶስት ቀን "ነገ ይመለሱ" እንደተባሉ ይናገራል። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር "ገንዘቡ የማን ኪስ እንደገባ ይነገረኝ" ይላል።

ደብዳቤውን ሳነብ ዓይኔ ሶስተኛው አንቀጽ ላይ ተተከለ። ነፍሷ የወጣች ቅቤ! እንዲህ አይነት ሲሳይ በየቀኑ አይገኝም ብዬ ብዕሬን አነሳሁ።

መልሳችን

40 ደቂቃ አይሞላም የፈጀብኝ፣ አንድ ማኪያቶ ሳልጨርስ አለቀ። ሙሉውን አልደግመውም፣ ዋና ዋናው እንዲህ ነበር፦

"ለተከበሩ የቅቤ ባለቤት፤ በእርስዎ ቅቤ ላይ በድንገት የደረሰውን ህልፈት በጥልቅ ሀዘን ሰምተናል። ድርጅታችን እስከ ዛሬ ሰው እንጂ ቅቤ አሳፍሮ ስለማያውቅ ለሟች የራሷን ወንበር አለመቁረጥዎ የእርስዎ ቸልተኝነት ሆኖ አግኝተነዋል። አባይ በረሃ እንደሚሞቅ እርስዎን የመሰለ አንጋፋ መምህር ይስተዋል ብለን አንገምትም። ከሁሉም በላይ ግን የእርስዎ ቅቤ በሁዳዴ የስንቱን ጾመኛ ሻንጣ እንዳስገደፈ ቢያውቁ ቅሬታ ሳይሆን ንስሐ ነበር የሚገቡት..."

እንግዲህ ልክ አይደለም የምለውን ነገር ነው የምገልጸው፣ ግን እውነቱን ለመናገር የሻንጣዋ ቀልድ አሁንም ሳልፈልግ ፈገግ ታሰኘኛለች። ችግሩም እሱ ነው፣ ጥሩ ቀልድ ስትጽፍ ራስህን ማቆም አትችልም።

ቢሮ ውስጥ ወረቀቱ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞረ። ሂሳብ ክፍል ጮክ ብለው አነበቡት። ስራ አስኪያጁ "ይሄማ ቅኔ ነው" ብሎ ፈረመ፣ ማህተም ተመታ። ጸሐፊዋ ብቻ ታይፕ አድርጋ ከጨረሰች በኋላ "ሰውየው አባቴን ይመስሉኛል፣ ምነው ሁለት ቀን ብናሳድረው?" አለችኝ። ጋዜጣው ረቡዕ ይዘጋል፣ አይደርስም አልኳት። ይደርስ ነበር፣ ሰኞ ነበር እኮ።

አንድ ነገር ልብ በሉ፣ አራተኛውን አንቀጽ በተመለከተ መልሱ ውስጥ አንድም ቃል የለም። ሆን ብዬ አልዘለልኩትም። ቀልድ ስለማይወጣው ነው ያላየሁት።

ከወጣ በኋላ

መልሱ ሚያዝያ 19 ወጣ፣ የሆሳዕና ዋዜማ። ቅዳሜና እሁድ ስልኬ ሲጮህ ዋለ፣ ጓደኛ ሁሉ እየሳቀ ነው የሚደውለው። ገጹን በስልክ ፎቶ አንስተው ፌስቡክ ላይ የለጠፉም ነበሩ። እሁድ ማታ ራሴን ትልቅ ጸሐፊ አድርጌ ተኛሁ።

ሰኞ ሰሞነ ህማማት ገባ። መጀመሪያ የደወለችው አንዲት እናት ናት፣ "ሰው ወገቡ እስኪቆረጥ በሚሰግድበት ሳምንት በጾምና በንስሐ ትቀልዳላችሁ?" ብላ ሳልመልስላት ዘጋችው። ካላንደሩን አላየሁትም ነበር። ማክሰኞ ሁለት ተሳፋሪዎች ቅባት የጠጣ ሻንጣቸውን ይዘው ቢሮ መጡ፣ በእጃቸው ጋዜጣውን ይዘዋል። "በሻንጣችን ላይ የደረሰውን ራሳችሁ በጋዜጣ አምናችኋል፣ እንግዲህ ክፈሉን" አሉ። ነገረ ፈጃችን አንብቦት አያውቅም ነበር፣ ያን ቀን አነበበውና ጭንቅላቱን ያዘ። በ1952ቱ የንግድ ህግ ስለ አጓጓዦች ራሱን የቻለ ክፍል አለ፣ ለተረከብከው ዕቃ ትጠየቃለህ፣ መከራከር የምትችለው አስተሻሸጉ መጥፎ ነበር ምናምን ብለህ ነው፣ "አንተ ግን እንኳን ልትከራከር ቅቤው እንደፈሰሰና የሰው ሻንጣ እንዳበላሸ በማህተም አረጋገጥክላቸው" አለኝ።

ሾፌሮቹም ተቆጡ። መናኸሪያ ውስጥ ተሸካሚዎቹ መኪናችን ሊወጣ ሲል "ቅቤ ባስ! ቅቤ ባስ የቀረ!" እያሉ መጮህ ጀመሩ። ስም አንዴ ከወጣ ወጣ ነው፣ ማን ይመልሰዋል።

ትልቁ ዱላ የመጣው ሚያዝያ 26፣ በቅዳም ሹር ነው። ጋዜጣው እኛን የሚመለከቱ አራት ደብዳቤዎች አወጣ። አንዱ ስለ ጾሙ ነው። ሶስቱ ግን ስለ ቅቤ ምንም አይሉም፣ ሶስቱም ለትርፍ ጭነት ከፍለው ደረሰኝ ያልተሰጣቸው ሰዎች ናቸው። አንደኛው ከደሴ መስመር፣ ሁለቱ ከጎንደር። እኔ የዘለልኩትን አንቀጽ አንባቢ አልዘለለውም። ቀልዱ ገጹን እንዲያነቡ ሳባቸው፣ ያነበቡት ግን ያኛውን ነው።

ከዛ ከተቆጣጣሪ መስሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። ስለ ትርፍ ጭነት ሂሳብ አሰራራችሁ በጽሁፍ ግለጹ የሚል፣ ሁለት መስመር፣ ምንም ቀልድ የሌለበት።

የወሰድናቸው እርምጃዎች፣ መጀመሪያ የተበላሹት

የመጀመሪያው "ማብራሪያ" ነው። ግንቦት 3 ላይ "መልሳችን በቀልድ መልክ የቀረበ እንጂ ማንንም ለማስቀየም ታስቦ እንዳልሆነ" የሚል ነገር አስወጣን። ይቅርታ የሚል ቃል የለበትም፣ ስራ አስኪያጁ "ይቅርታ ካልን አጠፋን ማለት ነው" ብሎ አስወጥቶታል። ሰው ቀልዱን አልተረዳም ማለት አንባቢን ሁለተኛ መስደብ ነው፣ ስለዚ ነገሩን አባባሰው።

ሁለተኛ፣ ረዳቱ ታገደ። 22 ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው፣ 30 ብሯን ለማን እንደሚያስረክብ እንኳን የነገረው የለም፣ ለትርፍ ጭነት የሚሆን ደረሰኝ የሚባል ነገር መኪና ውስጥ ኖሮ አያውቅም። ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ሶስተኛ፣ ስራ አስኪያጁ ለዋና አዘጋጇ ደውሎ ደብዳቤዎቹ ይቁሙ አለ፣ ማስታወቂያችንን እናነሳለን የሚል ነገርም ጣል አደረገ። እሷም "ማስታወቂያው የእናንተ ነው፣ ማንሳት ትችላላችሁ፣ ደብዳቤው ግን የአንባቢ ነው" አለችው። ከዛ ለኔ ለብቻ ደወለችልኝና አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፦ "ለመሆኑ አራተኛውን አንቀጽ መልሰኸዋል?" ጋዜጣውን አውጥቼ እንደ አዲስ አነበብኩት። በሶስት ሳምንት ውስጥ ደብዳቤውን እስከ ታች ድረስ በስርዓቱ ያነበብኩት ያኔ ነው።

አራተኛ፣ ለመምህሩ ደወልኩ። ልጃቸው አነሳችው። "አባቴ ጋዜጣ ላይ ስሙ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው፣ ያን ቅዳሜ ሶስት ገዝቶ ነበር" አለችኝ። የገዙት የራሳቸው ደብዳቤ የወጣበትን ነው። የኛ መልስ የወጣበትን ደግሞ ጎረቤት ነው ያመጣላቸው። ሌላ ምንም አላለችኝም።

ደብረ ማርቆስ

በስልክ አይሆንም ብሎ ያመጣው አንድ ሽማግሌ ሾፌራችን ነው። የማርቆስ ልጅ ነው፣ አራተኛ ክፍል ሂሳብ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። "እኔ እወስድሃለሁ፣ አንተ ግን እዛ ስትደርስ አፍህን ሰብስብ" አለኝ። ረዳቱም አብሮን ሄደ። ግንቦት 14፣ ረቡዕ፣ ወደ 300 ኪሎሜትሩን በድርጅቱ ፒካፕ ነድተን ደረስን። አባይ በረሃ ላይ ሾፌሩ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ "እየው እንግዲህ፣ እዚህ ጋ ነው ነፍሷ የወጣች" አለ፣ ማንም አልሳቀም።

ቡና ተፈልቶ ጠበቁን። ስለ ጤና፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ሾፌሩ እናት ተጠየቀ፣ የመጀመሪያው ስኒ እስኪያልቅ የመጣንበት ነገር አልተነሳም። ከዛ መምህሩ ተነስተው ከመጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ የተቆረጠ ጋዜጣ አወጡና ፊቴ ዘረጉት። እርማት አድርገውበታል። በቀይ እስክሪብቶ የፊደል ስህተቴን አርመዋል፣ ሁለት ቦታ ነጠላ ሰረዝ ጨምረዋል፣ አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ጎን "ማሰሪያ አንቀጹ የት አለ?" ብለው ጽፈዋል። "እርስዎ" የሚለው ቃል ደግሞ በሙሉ ተከቧል።

"ቆጠርኩት" አሉኝ፣ "11 ጊዜ እርስዎ ብለኸኛል። እኔ 34 ዓመት አስተምሬያለሁ፣ ተማሪ ሲያጠፋ ምን እንደምለው ታውቃለህ? 'እስቲ እርስዎ ይውጡና ሰሌዳው ላይ ይስሩልን' ነው የምለው። ክፍሉ ይስቃል፣ ልጁ ያለቅሳል። አንቱታ ለምን እንደሚጠቅም እኔ አልጠፋኝም።"

ሾፌሩ አንገቱን ደፋ። እሱም ሰሌዳው ጋ የወጣበት ቀን ትዝ ብሎት ይመስለኛል።

ይቅርታ ጠየቅኩ፣ ረዥም ንግግር አዘጋጅቼ ነበር ግን አጭር ሆነ። የቅቤውን ዋጋ በፖስታ አምጥተን ስለነበር አወጣሁ። ፖስታውን አልተቀበሉም፣ አልመለሱትምም፣ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ (ስንወጣ ባለቤታቸው አንስተው ወደ ጓዳ ሲገቡ አይቻለሁ)። የጠየቁት ሶስት ነገር ነው። ለ30 ብራቸው ደረሰኝ፣ ለአራተኛው አንቀጽ በዛው ጋዜጣ በዛው ቦታ መልስ፣ ሶስተኛው ደግሞ ልጁ ወደ ስራው እንዲመለስ። "ደረሰኝ አያቀዘቅዝም ያለኝ እሱ ነው፣ ግን እሱ የቀለደው ስራ በዝቶበት ሰው ተኮልኩሎበት ነው፣ አንተ የቀለድከው ቁጭ ብለህ ነው" አሉኝ።

ሶስተኛው መልስ

ቢሮ ስመለስ ትልቁ ጭቅጭቅ ደረሰኙ ላይ ሆነ። ስራ አስኪያጁ አሁን ደረሰኝ ከጀመርን እስከ ዛሬ አልነበረም ብለን ማመናችን ነው አለ። ነገረ ፈጁ ደግሞ ተቆጣጣሪው ጠይቋል፣ ሶስት አንባቢ መስክሯል፣ እኛ ብንክድ ማን ያምነናል አለ። ሁለት ቀን ፈጀ። በመጨረሻ ለጭነት ተከታታይ ቁጥር ያለው ጥራዝ ታተመ፣ አንዱ ቅጂ ለባለ ዕቃው ይሰጣል፣ አንዱ ዕቃው ላይ ይታሰራል፣ አንዱ ከገንዘቡ ጋር ለሂሳብ ክፍል ይመለሳል። ትልቅ ግኝት አይደለም፣ መጀመሪያውኑ መኖር የነበረበት ነገር ነው።

መልሱ ግንቦት 24 ወጣ። ስድስት ዓረፍተ ነገር ነው፣ ይሄኛውን ሙሉውን አስቀምጠዋለሁ፦

"ሚያዝያ 12 ቀን ቅሬታ ላቀረቡት መምህር። ቅቤዎ የፈሰሰው ሰራተኛችን ሞተር አጠገብ ስላስቀመጠው ነው፣ ዋጋውን ከፍለናል። የከፈሉት 30 ብር ደረሰኝ ያልተቆረጠለት ለትርፍ ጭነት ደረሰኝ ስላልነበረን ነው፣ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ በሁሉም መኪኖቻችን አለ። ከዚህ በፊት ያለ ደረሰኝ የከፈሉ ተሳፋሪዎች ትኬታቸውን ይዘው ቢመጡ እናነጋግራቸዋለን። ቢሮአችን ለሶስት ቀን ያመላለሰዎት ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ ስላልለየን ነበር፣ አሁን የሚመለከተው ሰው ተመድቧል። ሚያዝያ 19 ለሰጠነው መልስ ይቅርታ እንጠይቃለን።"

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ለማስገባት ስራ አስኪያጁን የተማጸነችው ጸሐፊዋ ናት፣ እኔማ አፍ አልነበረኝም።

ምን ሰራ፣ ምን አልሰራ

ጋዜጣው ላይ ስለ ደረሰኝ የሚመጣው ደብዳቤ ቆመ። ባለ ሻንጣዎቹ በድርድር ተስማሙ። ተቆጣጣሪው የአሰራር ለውጡን በጽሁፍ ስንልክለት ከዛ በላይ አልሄደም። ሂሳብ ክፍል ደግሞ ከትርፍ ጭነት ገንዘብ ሲገባ ለመጀመሪያ ጊዜ አየ፣ ስራ አስኪያጁም ያን ካየ በኋላ ደረሰኙን ከመጀመሪያው ጀምሮ እሱ ያሰበው አድርጎ ማውራት ጀመረ።

ያልተስተካከለውም ብዙ ነው። ረዳቱ ወደ ስራው ቢመለስም በሁለተኛው ወር ለቀቀ፣ መናኸሪያው "ቅቤው" እያለ አላስቆም አላስቀምጥ አለው። ሶስተኛውን መልስ ማንም ፎቶ አንስቶ አልለጠፈውም። የመጀመሪያው ግን ለብዙ ዓመት ፋሲካ በመጣ ቁጥር ይለጠፍ ነበር፣ ሰው ይስቅበታል፣ ከሱ በኋላ ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። መምህሩ ሌላ ደብዳቤ ለጋዜጣ ጻፉ ወይ ብዬ ሾፌሩን ጠይቄው "ተዋቸው፣ አሁን ሬዲዮ ነው የሚያዳምጡት" ብሎኛል።

ለሌላ ሰው የሚሆን ነገር ካለው

ሽሙጥ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። አማርኛ ያለ አሽሙር ምን ሊቀረው። ጳውሎስ ኞኞ አዲስ ዘመን ላይ "አንድ ጥያቄ አለኝ" በሚለው አምዱ አንባቢን እየጎሸመ ነበር የሚመልሰው፣ ሰው ደግሞ እየወደደ ይጽፍለት ነበር። ግን እዛ ጋ ጠያቂው ምን እንደሚጠብቀው አውቆ፣ እንዲያውም ያንን ፈልጎ ነው የሚጽፈው። ጳውሎስ ደግሞ ጋዜጠኛ ነው፣ የማንንም ቅቤ አላፈሰሰም። እኛ ዕዳ አለብን። ባለ ዕዳ ሲቀልድ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል።

ፈረንጆቹ የሚወዱት አንድ ምሳሌ አለ፣ በነሱ 1974 ክሊቭላንድ ብራውንስ ለሚባለው የአሜሪካ ፉትቦል ክለብ አንድ ጠበቃ ተመልካቾች ስለሚወረውሩት የወረቀት አውሮፕላን የክስ ማስፈራሪያ ያለበት ቅሬታ ይጽፋል፣ የክለቡም ጠበቃ አንድ ደደብ በስምህ እየፈረመ የጅል ደብዳቤ እየላከ ነውና እንድታውቀው ብዬ ነው ብሎ ይመልስለታል። ይሄን ስልጠና ላይ እንደ ጀግንነት ሲያወሩት ሰምቻለሁ። ጠበቃ ለጠበቃ ነው እኮ፣ ሰውየው ቁስለኛ አይደለም፣ ያስፈራራው ወደፊት ሊሆን ስለሚችል ነገር ነው። የኛ መምህር ግን ገንዘባቸውም ቅቤያቸውም ሄዷል፣ ማህተም ያለው ደግሞ እኛ ጋ ነው።

ከዛ ወዲህ የማደርገው ነገር ቢኖር ደብዳቤን ከታች ወደ ላይ ማንበብ ነው። የኛ ሰው፣ በተለይ ትልልቆቹ፣ ዋናውን ነገር መጀመሪያ ላይ አያስቀምጡትም። ሰላምታ አለ፣ የነገሩ አመጣጥ አለ፣ ሀዘኑ አለ፣ የሚፈልጉት ነገር ስንብት ሲቃረብ ነው የሚመጣው። ከላይ የጀመረ አንባቢ ቅቤው ጋ ይቀራል።

መልስ ከጻፍኩ በኋላ ደግሞ ቀልዱን በሙሉ በእስክሪብቶ እሰርዝና የቀረውን አያለሁ። ያን መልሳችንን አንድ ቀን እንደዛ ሞክሬው ነበር፣ የተረፈው "ለተከበሩ" የሚለውና ቀኑ ነው። ቀልዱ ሲወጣ ለጥያቄው የሚሆን መልስ ካልቀረ ደብዳቤው ገና አልተጻፈም ማለት ነው። መልስ ከተረፈ ግን ቀልዱን መመለስ ይቻላል፣ አንዳንዴ መልሼ አውቃለሁ፣ በራሴ ድርጅት ላይ ከሆነ።

አንቱታውን በተመለከተ ሌላ ሰው ቢያየው አስባለሁ፣ ማለትም ጸሐፊዋን የመሰለ ሰው። እኔ የምጽፈውን ሽሙጥ እኔ አልሰማውም፣ ጭንቅላቴ ውስጥ ዜማው ያምራል። ያኔ ቢሮው ውስጥ ከሳቁት ሁሉ ሰውየውን በዓይነ ህሊናዋ ያየችው እሷ ብቻ ነበረች፣ እሷን ደግሞ ማንም አልሰማትም፣ ስራዋ ታይፕ ማድረግ ነው ተብሎ።

አሁን አዲስ ልጆች ስቀጥር የመምህሩን ደብዳቤ ስሙን አጥፍቼ እሰጣቸውና በ20 ደቂቃ መልስ ጻፉ እላለሁ። አብዛኞቹ በቅቤው ይጀምራሉ፣ ሁለት ሶስቱ ስለ ነፍሷ መውጣት የሆነ ነገር ይቀልዳሉ፣ አንዱማ ባለፈው እንደኔው ሻንጣዎቹን ሊያስገድፍ ትንሽ ነበር የቀረው። አንዲት ልጅ ግን 20 ደቂቃው ሊያልቅ ሲል ወረቀቱን ባዶውን ይዛ መጣችና "መልሱን መጻፍ አልቻልኩም፣ መጀመሪያ 30 ብሩ የት እንደገባ ማንን ልጠይቅ?" አለችኝ። እሷን ቀጠርኳት።